ነገ ወላጅ ይዘህ ና

ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ጫማው ገና አሁን የተጠረገ ይመስላል። እኛ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ደብተር እናርማለን።

«የሰባተኛ ቢ ስም ጠሪ መምህር የትኛው ይሆን?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ ይግቡ።»

«የልጁ አጎት ነኝ። ወላጅ አምጣ ብላችሁት ነው የመጣሁት።»

ልጁ ከኋላው ሆኖ መሬት መሬቱን ያያል።

አጎቱ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። የኮፍያው አያያዝ ነገረኝ። እውነተኛ አጎት ትምህርት ቤት ሲጠራ ወይ ተናዶ ይገባል፣ ወይ ሥራ ጥሎ ስለመጣ ቸኩሎ ይገባል። ይሄ ሰው ግን ፈተና ሊፈተን የመጣ ነው የሚመስለው። ይህን አቋም አውቀዋለሁ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አጎት ተከራይቻለሁ።

ዓመቱ 1996 ነው። ከተማው ደሴ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ትቸረችራለች። ጠዋት ከትምህርት በፊት ጆንያውን ገበያ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር። ሰኞ ዋናው የገበያ ቀን ስለሆነ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለብኝ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ አረፍዳለሁ።

የትምህርት ቤታችን በር ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያረፈደ ሁሉ ሰልፍ ሜዳው ዳር ይንበረከካል። ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ የተማሪ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር የጎማ አለንጋውን ይዞ ይመጣል። ለአንድ ሰው ሦስት ሦስት። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ በብርድ የደነዘዘ መዳፍ ላይ ጎማ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ደረስኩበት። ያረፈደ ይገረፋል፤ የቀረ ግን አይገረፍም። የቀረ ልጅ ስሙ ላይ ምልክት ብቻ ነው የሚደረግበት። በሦስትና በአራት ቀሪ የሚመጣ ነገር የለም። ታዲያ አሥር ደቂቃ አርፍዶ ከመገረፍ ሙሉ ቀን መቅረት አይሻልም? የልጅ ሒሳብ ነው፤ ግን ሒሳቡ ትክክል ነበር። ሰኞ ሰኞ መፎረፍ ጀመርኩ። ጆተኒ ቤት እውላለሁ። ቀጥሎ ማክሰኞ ተጨመረ፤ የሰኞን የቤት ሥራ አልሠራሁማ። የሒሳብ መምህራችን የቤት ሥራ ያልሠራን ልጅ ጠጠር ላይ ነበር የሚያንበረክከው። እንዲህ እያለ ቀሪዬ በዛ።

በመጨረሻ ዩኒት ሊደሩ ጠራኝ። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና። ያለ ወላጅ ክፍል እንዳትገባ።»

ለእናቴ ልነግራት አልቻልኩም። ዱላ ፈርቼ አልነበረም፤ እናቴ መትታኝ አታውቅም። ገበያዋን ጥላ መምጣቷን ነው የፈራሁት። እሷ አንድ ቀን ካልሸጠች እኛ ቤት ውስጥ ለቀናት ይታወቃል። ሌላም ነገር ነበር። ለምን እንደማረፍድ ከሰማች ጆንያውን ራሷ መሸከም እንደምትጀምር አውቅ ነበር። ወገቧን ያማታል።

ጆተኒ ቤቱ ጋ የማይጠፋ አንድ ሰው ነበር። መናኸሪያ ዕቃ ይጭናል። በአምስት ብር ተስማማን። ሻይ ጋበዝኩት። ስሜን፣ ክፍሌን፣ የአባቴን ስም አስጠናሁት።

ቢሮ ገባን። ዩኒት ሊደሩ ጥፋቴን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ዞር አለና በጥፊ መታኝ። ሁለት ጊዜ። ይህ በስምምነታችን ውስጥ አልነበረም። የዩኒት ሊደሩ ፊት ግን ፈታ አለ። «እንዲህ ያለ ወላጅ ነው የሚያስፈልገን» አለ። የት ነው የምትኖሩት፣ ልጁ ለምንድን ነው የሚቀረው፣ ሰኞና ማክሰኞ ብቻ የሚቀረውስ ለምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። መታወቂያም አላየም። ጥፊው መታወቂያ ሆነለት። ሰውየው ፈርሞ ወጣ። እኔም ጉንጬ እንደቀላ ክፍል ገባሁ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ወላጅ አምጣ ሲባል የተፈለገው የሚመታ ሰው ነው። ማንም ይሁን።

ስለ ፍትሕ ግን ከዚያም በፊት ብዙ ተምረን ነበር፤ እዚያው ክፍል ውስጥ። መቼም የማያስታውስ የለም። መምህር ወጣ ሲል የክፍል አለቃው ወረቀት ያወጣል። ከላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብሎ ይጽፋል። ስምህ ይገባል። ስትከራከር ከስምህ አጠገብ ኤክስ ይደረጋል። ሁለት ኤክስ፣ ሦስት ኤክስ፣ ከዚያ «በጣም ረባሽ»። አለቃው ጓደኛህ ከሆነ አትጻፍም። ማስቲካ ከሰጠኸው ትሰረዛለህ። ቂም ከያዘብህ እጅህን አጣጥፈህ ተቀምጠህም ትጻፋለህ። መምህር ሲመለስ ወረቀቱን ያነባል። የተጠራ ይወጣል፤ እጁን ይዘረጋል። «ቲቸር፣ እኔ አልረበሽኩም» ያለ አንድ ይጨመርለታል።

የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። አንድ ሰው ስለ ራሱ መናገር እንደሚችል ሳንማር፣ አለቃ ከጻፈ ነገሩ እንዳለቀለት ተማርን። መናገር ቅጣት እንደሚጨምርም ተማርን። በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የሚባል ትምህርት መጣ፤ ስለ መብት፣ ስለ ሕግ የበላይነት አንብበን ተፈተንን። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። መመለሱ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ሐቀኝነት የሚለውን ሁሉ ያቺ ወረቀት በአንድ ክፍለ ጊዜ ታፈርሰዋለች። እስካሁንም በየትምህርት ቤቱ አለች። እኔ ክፍል ውስጥ ዘንድሮ አስቀርቻታለሁ። ለክፍል አለቃዋ የሰጠኋት ሥራ ለቀሩ ልጆች ኖት ማስገልበጥ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ይህን መምህራንም ሳይቀሩ ብዙ አያውቁትም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ነው። ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሀገራችን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው ከዚያም በፊት፣ በ1983 ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ እኔ ሰልፍ ሜዳ ዳር ስንበረከክ ሕገ መንግሥቱ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። ማንም አልነገረንም። ዩኒት ሊደሩም ሕግ እየጣሰ እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚያደርገው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ፣ ባንዲራው ሥር ነበር።

በፈረንጆቹ 2009 ያንግ ላይቭስ የተባለ የረጅም ጊዜ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጆችን ጠይቆ ነበር። ባለፈው ሳምንት መምህር ልጅ ሲመታ አይታችኋል ወይ ሲባሉ ከአራቱ ሦስቱ አዎ አሉ። እናንተስ ተመትታችኋል ወይ ሲባሉ ከ100ው 38ቱ አዎ አሉ። የተጠየቁት ስለ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቆሜ አስቤዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ማለት ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ነው።

ይህን ስጽፍ ግን የሥራ ባልደረቦቼ ፊቴ ላይ ይመጡብኛል። ጡረታዋ የደረሰ አንዲት መምህርት አለች። በጣም የማከብራት ሴት ናት። ስለ ዱላ ስብሰባ በተደረገ ቀን እጇን አውጥታ ተነሳች። «ዱላውን ወሰዳችሁብን። እሺ፣ ይሁን። በምትኩ ምን ሰጣችሁን?» አለች። አዳራሹ ዝም አለ። መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሰባተኛ ቢ ውስጥ 64 ተማሪ አለኝ። የመንግሥት መለኪያ ለዚህ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ነው የሚለው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ የቤት ሥራ አይቼ ስጨርስ 25 ደቂቃ ቢቀረኝ ነው። ይህን በቀን አምስት ጊዜ አደርጋለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ልጆች ባሕርይ የተማርኩት በጣት የሚቆጠር ነው። እዚህ ትምህርት ቤት አማካሪ የሚባል ሰው የለም። ቢሮው አለ፤ የተሰበረ ዴስክ ተቆልሎበታል። መምህር ደግሞ ይፈራል። በር ላይ የተጠበቀ አለ። ድንጋይ የተወረወረበት አለ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የተሰደበ ሰው፣ ደሞዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እንዴት እንደሚያድር አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ትዕግሥት ይኑርህ ብሎ መመሪያ መላክ ቀላል ነው።

እኔም መትቻለሁ።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ልጅ ያፏጫል። ዞር ስል ይተዋል። ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ቀን ጠራሁት። የእንጨት ማስመሪያ እጄ ላይ ነበር። ምንም አላልኩትም። እሱ ራሱ እጁን ዘረጋ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቹን ገጥሞ፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጎ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳሰለጠነው እዚያ መዳፍ ላይ ይታይ ነበር። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሁለት መታሁት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ጣፈጠኝ፤ እውነቱን ልናገር። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደፈለግኩ አስተማርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ አፏጨ። አሁን ሁለት እንደማይበቃ ገባኝ። አራት ልመታ ነው? ከአራት በኋላስ? የደሴው ዩኒት ሊደር ትዝ አለኝ። እሱም አንድ ቀን በሁለት ጀምሮ ይሆናል። ያን ዕለት ማስመሪያውን ቤቴ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ልጅ መትቼ አላውቅም። ያን ልጅ ግን ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመቱ አለቀ። ክፍል አልፎ ሄደ። ይቆጨኛል።

ዱላው እየቀነሰ ሲሄድ ብዙ ቦታ ቦታውን የያዘው ማስወጣት ነው። «ውጣ!» ይባላል። ልጁ ይወጣል። ክፍሉ ሰላም ያገኛል። በረንዳ ላይ የቆመው ልጅ ግን ያን ቀን ያመለጠውን ትምህርት ማንም አይመልስለትም። በሚቀጥለው ቀን ትምህርቱ አይገባውም። ስላልገባው ይረብሻል። ስለረበሸ ይወጣል። በመጨረሻ ወላጅ አምጣ ይባላል። እኔም ማስመሪያዬን ካስቀመጥኩ በኋላ በዓመት ስንት ጊዜ ይህን ቃል እንደተናገርኩ አላውቅም። አፌ ላይ ነበር። የመታሁ አይመስለኝም ነበር።

ቃሉን እስኪ ቀስ ብለን እንየው። ወላጅ አምጣ ስንል ወላጅ አለ ብለን ነው። ቅርብ ነው ብለን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ጥሎ ቢመጣ ምንም አይሆንም ብለን ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የማስሞላው ቅጽ አለ። «የወላጅ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አክስት ይመጣል፣ አያት ይመጣል፣ ታላቅ እህት ይመጣል። አንዳንዴ «አሠሪዬ» የሚል ይመጣል። እናቱ ቤይሩት ያለች፣ ሪያድ ያለች ልጅ ብዙ ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነ አለ። ወላጁ አጠገቡ ያለውም ቢሆን ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ከቀረ በማግሥቱ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ነው የሚያገኘው። ለእንዲህ ያለ ሰው ወላጅ አምጣ መቀጮ ነው። ኪሱ ላይ የሚያርፍ መቀጮ። ከዚያ ማታ ንዴቱን ማን ላይ እንደሚያወጣው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ዱላውን እኛ አልያዝነውም፤ ግን ልከንለታል።

የሚጠራው ሰው የሌለው ልጅ ደግሞ ቤቱ ይቀራል። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ስንት ልጅ ከትምህርት የወጣው ተባሮ ሳይሆን የሚያመጣው ሰው አጥቶ እንደሆነ የሚጻፍበት መዝገብ የለም። «አቋረጠ» ተብሎ ብቻ ይሞላል።

አማርኛ አስተምራለሁና ስለ አንድ ስድባችን ሳላወራ ማለፍ አልችልም። «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ባለጌ ለማለት ነው። አስተማሪም፣ ዘበኛም፣ የታክሲ ረዳትም ልጅ ሲያጠፋ ይህን ይላል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹን አስተነተንኳቸው። በዳዩ ማን ነው? አልኳቸው። «አሳዳጊው» አሉ። የተበደለውስ? «ልጁ።» ታዲያ የሚሰደበው ማን ነው? ዝም አሉ። ከኋላ አንዲት ልጅ «የተበደለው» አለች፤ ቀስ ብላ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ያስተማርኩት ነገር የለም።

የራሴንም በደል ልጨምር። ከ2012 በፊት ነው፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሳይጀምር። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ ነበረኝ። እንቅልፋም እያልኩ ስንት ጊዜ አስወጥቼዋለሁ። ፊትህን ታጠብ እያልኩ ልኬዋለሁ። ምገባው ሲጀመር ጠዋት ቁርስ በልቶ ገባ። ቀና ብሎ ተቀመጠ። እጁን እያወጣ ይመልሳል። ስንፍና ያልኩት ረሃብ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቁርስ በልተሃል ወይ አላልኩትም።

ወደ ሰውየው ልመለስ።

ልጁ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ ነበር። የጓደኛውን ዩኒፎርም ቀደደበት፤ ከንፈሩን አደማው። ምን ሆናችሁ ስላቸው ሁለቱም አልተናገሩም። ተናደድኩ። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» አልኩት። ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን ነው ይህን ሰው ይዞ የመጣው።

ልጁን ውጭ ጠብቅ አልኩት። ሰውየውን ከጓሮ በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። «የልጁን አባት ስም ያውቁታል?» አልኩት። ላጠምደው አስቤ አልነበረም የጠየቅኩት፤ ሳስበው ግን እንደዚያ ነበር። ኮፍያውን አገላበጠ።

«እውነቱን ልንገርዎት መምህር። አጎቱ አይደለሁም። ሎተሪ አዟሪ ነኝ። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ በር ለበር ነን። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ውሎ ይገባል። ምን ሆነህ ነው ብለው ነገረኝ። እኔ ልሂድልህ አልኩት።»

«ስንት ከፈለዎት?» ልለው ነበር። ደሴ ላይ አምስት ብር የከፈልኩትን እያሰብኩ። እንኳን አላልኩት።

ከዚያ ያወራልኝን ስም ጠሪ ሆኜ ስድስት ወር ስጠራው አላውቀውም ነበር። እናቱ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ልጁ ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል። እህቱ ካፌ ትሠራለች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው የምትወጣው። መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ልጁ ወጥቶ ይጠብቃታል፤ አብረው ይገባሉ። እራት የሚበላው ያኔ ነው። የሚተኛው እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው። እናቱ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ በዚያ ሳምንት ግን አልደወለችም ነበር። ያ ሌላኛው ልጅ «እናትህ አንተን ሸሽታ ነው የሄደችው» አለው። ድብድቡ ይህ ነው።

«እርስዎ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?» አልኩት።

«ማታ ማታ የቀሩትን ሎተሪዎች አብሮኝ ይቆጥራል» አለ። «ሲቆጥር ያወራል።»

ዕጣው ሊወጣ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ለእሱ ዋናው የመሸጫ ጊዜ ነው። ያን ጥሎ ነው ጫማ አስጠርጎ የመጣው። የእኔ የደሴው ሰው ለጥፊው ተከፍሎታል። ይሄኛው ልጁን አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣውም።

ነገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ከንፈር ደምቷልና መቅረብ ነበረበት። ደረጃው ይታወቃል። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ መታገድ፣ መባረር። ሁለት አባላት ለአንድ ሳምንት ይታገድ አሉ። ሦስት ቀን ራሱን አግዶ መዋሉን ነገርኳቸው። ሌላ ሳምንት ብንጨምርለት የት ነው የሚውለው አልኳቸው። በወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት በኩል የመጡት እናት «አስፋልት ዳር የዋለ ልጅ እኮ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነ። እኔም አንድ ነገር ለመንኩ። የሁለቱን ልጆች ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

በአያቴ ሀገር በወሎ ሁለት ወገን ሲጣላ አባጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች ይገባሉ። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ነገሩ የሚከፈተው። ሁለቱም እስኪጨርሱ ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ ካሣ አለ። ትምህርት ቤት ግን «በሉ ታረቁ፣ ተጨባበጡ» ብለን በሁለት ደቂቃ እንሸኛቸዋለን። ልጆቹ ይጨባበጣሉ፤ ከአጥር ውጭ ይቀጥላሉ።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። እያንዳንዳቸው የሚያምኑትን አንድ ልጅ መረጡ፤ ሦስተኛዋን እኔ መረጥኩ። የጥድ ዛፉ ሥር በእረፍት ሰዓት ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም አልተናገሩም። በሁለተኛው ቀን ያ ከንፈሩ የደማው ልጅ ነው የጀመረው። የእሱም እናት ዱባይ እንደሆነች ያን ቀን ነው የሰማሁት። የሰደበው በራሱ ሕመም ነበር። ልጆቹ የወሰኑት ካሣ ዩኒፎርሙን ማሰፋት ነው። ቀዳጁ በራሱ ገንዘብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አሰፋው። ሌላኛው ስለ ተናገረው ነገር ይቅርታ ለማለት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ጓደኛሞች አልሆኑም። ግን አይጣሉም።

ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ከዚያ በኋላ በሌሎች ሁለት ልጆች ሞክሬው ሳይሆንልኝ ቀርቷል፤ አንዱ ሽማግሌዎቹን ሰድቦ ተነስቶ ሄደ። ጊዜም ይበላል። ሁለት እረፍት ማለት ሻይ የምጠጣበትን ሰዓት ነው የሰጠሁት። 64 ልጅ ላለው ሰው ይህን አድርግ ብሎ ማዘዝ ፍትሕ አይደለም፤ ያቺ አንጋፋ መምህርት የጠየቀችው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል። አማካሪ ይቀጠር። ያ ቢሮ ዴስኩ ይውጣለት። የክፍሉ ልጅ ቁጥር ይቀንስ። እኔ በራሴ በኩል የቀየርኩት አንድ ቃል ነው። «ወላጅ አምጣ» ማለት ትቻለሁ። «ስላንተ ማንን ላናግር?» እላለሁ። ልጆቹ የሚሰጡኝ ስም ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ ካለው ይለያል። ሱቅ ያለው ሰው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እህት፣ ኳስ የሚያሰለጥናቸው ልጅ። እደውላለሁ። ደውዬ ማንንም ከሥራው አላስቀረሁም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ «የወላጅ ፊርማ» የሚል ቦታ ነበር። እህቱ ደውላ እሱ ይፈርም አለችኝ። ሰውየው እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። «እኔ ብፈርም ያስጠይቀኝ ይሆን?» አለ። አያስጠይቅም አልኩት። ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን ጨመረ።

ባለፈው ዓርብ በዚያ ቁጥር ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳው።

«አቤት መምህር፣ ምን አጠፋ?» አለኝ። ሰላምታም አልቀደመ።

«ምንም አላጠፋም። አማርኛ ከ20 17 አመጣ። እሱን ልነግርዎት ነው።»

ዝም አለ። ከኋላው የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማኛል።

«ታዲያ ልምጣ?» አለኝ።